ፈረንጆች የደቡብ አፍሪካን የዳንስ ሙዚቃ ሲሰሙ ምን ይላሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አማፒያኖ ምናምን፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃ ማለት ነው፣ በተወራ ቁጥር ያው አንድ አይነት ጥያቄ ይመጣል፣ ፈረንጆቹ ይሄን ሙዚቃ እንዴት ነው የሚሰሙት፣ አንዱን አብደውለት ሌላውን ለምን ይሰድቡታል የሚል። በየጊዜው ከምደጋግመው አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልስ ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛውን ሙዚቃ ነው የምታወራው?

በዋናነት የደቡብ አፍሪካውን። በ90ዎቹ መጀመሪያ ሶዌቶና ጆሃንስበርግ አካባቢ የመጣ ክዋይቶ አለ፣ ሃውስ የሚባለውን የክለብ ዳንስ ሙዚቃ ቀዝቀዝ አድርገው በሰፈር ቋንቋ የዘፈኑበት ነገር ማለት ነው። ከዛ የፕሪቶሪያው ባካርዲ ሃውስ፣ የሊምፖፖው ሻንጋን ኤሌክትሮ፣ የደርባኑ ጎም፣ የጋውቴንጉ (ጆሃንስበርግና ፕሪቶሪያ ያሉበት ክልል) አማፒያኖ፣ እንደ ብላክ ኮፊ ያሉ ዲጄዎች ደግሞ የሚጫወቱት አፍሮ ሃውስ። አንጎላም ኩዱሮ አላት፣ እሱ በሊዝበን በኩል ነው አውሮፓ የገባው፣ ግን ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ሃውስ ድሮም የፈረንጅ ሙዚቃ አይደል እንዴ? ምኑ አዲስ ሆነባቸው?

አይደለም። ሃውስ የተወለደው ቺካጎ ነው፣ በ80ዎቹ መጀመሪያ እነ ፍራንኪ ናክልስ የሚያጫውቱበት ክለብ ውስጥ፣ ያሳደጉትም ጥቁር አሜሪካውያንና ላቲኖዎች ናቸው። አውሮፓ ከወሰደው በኋላ ነው ብዙ ሰው የነጭ ሙዚቃ የመሰለው። ደቡብ አፍሪካ የገባው በ80ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ አፓርታይድ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ እና እዛ የሆነው ነገር አሜሪካ ከሆነው በጣም ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ሃውስ ለረጅም ጊዜ የክለብ ሰው ሙዚቃ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ደቡብ አፍሪካ ግን ዋናው ፖፕ እሱ ሆነ፣ ሬዲዮው ላይ፣ ሰርጉ ላይ፣ ሚኒባስ ታክሲው ውስጥ፣ ልጅም እናትም የሚያውቀው ማለት ነው። እዛ የሄዱ አውሮፓዊ ዲጄዎችና ጋዜጠኞች ደጋግመው የሚገረሙትም በዚህ ነው፣ ድምፁስ እሺ፣ ማን ነው የሚሰማው የሚለው ነው የሚያስደነግጣቸው። በርሊን ውስጥ ጥቁር ለብሶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሰማው አይነት ነገር እዚህ ከሰዓት በኋላ የቤተሰብ ድግስ ላይ ስጋ እየተጠበሰ ይጨፈርበታል።

እና መጀመሪያ ሲሰሙ ምንድነው የሚሉት?

በየት በኩል እንደደረሳቸው ይወስነዋል፣ እኔ ይሄን ነገር ስከታተል ያየሁት ዋናው ነገር እሱ ነው። በአንድ ትንሽ የለንደን ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) በኩል ከደረሳቸው "የወደፊቱ ድምፅ" ይሉታል፣ በቲክቶክ ከደረሳቸው ጭፈራ ነው፣ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኮከብ አልበም ከደረሳቸው ደግሞ ወይ ሞቱለት ወይ ሰደቡት። ሙዚቃው ብዙ ጊዜ ያው ነው። አንድ ቢት ለንደን ውስጥ የኤክስፐርመንታል ሙዚቃ መፅሔት ላይ በትልልቅ ቃላት ሲተነተን ደርባን ውስጥ ታክሲ ረዳት ጮክ አድርጎ ከፍቶት ተሳፋሪ ይጠራበታል።

ሻንጋን ኤሌክትሮን ሲሰሙ "ፍጥነቱ ተሳስቷል" ብለው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ጥርጣሬ እሱ ነው፣ አይፈረድባቸውምም። በደቂቃ 180 ምት አካባቢ የሚሮጥ ነገር ነው፣ ተራ ሃውስ 120 ዎቹ ውስጥ ነው የሚጫወተው፣ አስቡት። ከጀርባው ያለው ሰው ኖዚንጃ ነው፣ ትውልዱ ሊምፖፖ፣ ጊያኒ አካባቢ፣ ሙዚቃ ከመጀመሩ በፊት የሞባይል ጥገና ሱቆች የነበሩት ነጋዴ። የጾንጋ ህዝብን የድሮ ዘፈን ወስዶ ባስ ጊታሩን አወጣ፣ በኪቦርድ የተሰራ ማሪምባ አስገባ፣ ፍጥነቱን ደግሞ ጨፋሪዎቹ ፈጠን ባሉ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ጨፋሪዎቹም ያው ዝም ብለው የቆሙ አይደሉም፣ የክላውን ጭምብል አጥልቀው፣ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው ወገባቸውን ከእግራቸው ለይተው የሚያስኬዱ ልጆች ናቸው።

በ2010 ኦነስት ጆንስ የሚባለው የለንደን ሌብል ስብስቡን አሳተመው፣ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴመን አልባርንም ያለበት ሌብል ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሀያሲያን አበዱለት። ወዲያው ከቺካጎው ፉትወርክ ጋር አመሳሰሉት፣ እሱም 160 አካባቢ የሚሮጥ የእግር ሙዚቃ ስለሆነ፣ ከዛ ትልልቅ የኤሌክትሮኒክ ፕሮዲውሰሮች ሪሚክስ ሰሩለት፣ ኖዚንጃም በ2015 ዋርፕ ላይ አልበም አወጣ፣ ታዋቂውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው ኤፌክስ ትዊንን ያወጣው ሌብል ማለት ነው።

እዚህ ጋ የሚያስቀኝ ነገር አለ። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎቹ ሪሚክሶች ሙዚቃውን ቀዝቀዝ ነው ያደረጉት፣ ሰው ክለብ ውስጥ እንዲችለው ይመስለኛል። ማለት የወደዱት ለፍጥነቱ ነው፣ ሲሰሩት ግን መጀመሪያ የቀነሱት ፍጥነቱን ነው። በጉራጌኛ ያደገ ሰው እግሩ እስኪጠፋው ድረስ መጨፈር ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ የሚደነግጥ አይመስለኝም፣ ቢበዛ "እሺ ቀጥል" ነው የሚለው።

ጎምን ለምን "ጨለማ" እና "አስፈሪ" ይሉታል?

ስለሚመስል ነው በአጭሩ፣ ግን ነገሩ ትንሽ ይረዝማል። ጎም በ2010ሮቹ መጀመሪያ ደርባን ዙሪያ ካሉ ታውንሺፖች (በአፓርታይድ ጊዜ ለጥቁሮች የተለዩ ሰፈሮች) የወጣ ነው፣ ልጆቹ በላፕቶፕ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባል የሙዚቃ መስሪያ ሶፍትዌር ሰርተው በዋትስአፕና ነፃ ፋይል መጫኛ ሳይቶች ያሰራጩት። እንደ ሃውስ ቀጥ ብሎ "ዱም ዱም ዱም ዱም" አይልም፣ ምቱ የተሰባበረ ነው፣ ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፣ ባዶ ቦታው ብዙ ነው፣ አንዳንዴ አንድ የተቆረጠች ጩኸት ብቻ ስትደጋገም ትሰማለህ። በጆሮ ማዳመጫ ብቻህን ስትሰማው እውነትም የሚያስፈራ ፊልም ማጀቢያ ነው።

አውሮፓ የደረሰው ደግሞ ልክ እንደዛ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ። የለንደኑ ጉን ክለብ ኦልስታርስ በ2015 የሩድቦይዝን፣ በቀጣዩ ዓመት የዲጄ ላግን ስራ አወጣ፣ ሮም ውስጥ ናን ኮሌ የጎም ኦ ሌብልን አቋቁሞ በ2016 መጀመሪያ የደርባንን ስብስብ ለቀቀ። ያኔ ነው "ጨለማ"፣ "ጥሬ"፣ "ከወደፊት የመጣ" የሚሉት ቃላት የጎረፉት። ግራይም እና ዳብስቴፕ የሚባሉትን የለንደን ሙዚቃዎች የሚሰሙ ልጆች የራሳቸውን ነገር ሰሙበት፣ ባዶ ቦታና ከባድ ባስ ለነሱ አዲስ አይደለም።

ደርባን ላይ ግን ጎም የደስታ ሙዚቃ ነው። ቤብስ ዎዱሞ በ2016 "ዎሎሎ"ን ስትለቅ አገሩ በሙሉ እስክስታ... ማለቴ የራሳቸውን ውዝዋዜ ይዘው ተነሱ፣ በ2017 ዲስትራክሽን ቦይዝ "ኦሙንዬ" ብለው ያንኑ ደገሙት። ሰው የሚስቅበት፣ የሚላገጥበት፣ ከጓደኛው ጋር መሬት የሚወርድበት ነገር ነው። ዜማ የሌለው ስለሆነ ቦታውን የሚሞላው የሰዉ ፉጨትና ጩኸት ነው፣ ሪከርዱ ላይ ያ የለም። ስለዚህ ፈረንጁ የሰማው ግማሹን ነው ባይ ነኝ፣ ግማሹ ታክሲው ውስጥ ቀርቷል።

የድሬክ አልበም ላይ ለምን ያን ያህል ተናደዱ?

ኧረ ያ ጉድ። ሰኔ 2022 ላይ ድሬክ "ኦነስትሊ ኔቨርማይንድ"ን ሳይታሰብ ለቀቀው፣ ራፕ ሲጠብቁ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ሃውስ ሆኖ ተገኘ፣ ብላክ ኮፊ ከኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር። የአሜሪካ የሂፕሆፕ አድማጭ በዛው ሌሊት ነው የተነሳበት። በብዛት የተደጋገመው ቀልድ "የልብስ መደብር ውስጥ የሚከፈት ሙዚቃ ነው" የሚለው ነበር፣ ዛራ፣ ኤችኤንድኤም ምናምን እያሉ ሱሪ ሲለኩ የሚያሳይ ቪዲዮ ሰርተው ሳቁበት። ድሬክ ራሱ ካልገባችሁ ችግር የለም፣ እስክትደርሱብን እንጠብቃለን አይነት ነገር ሲል ተቀርጿል፣ እሱም እሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። አልበሙ ግን ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ሆኖ ነው የገባው።

ፍትሃዊ ለመሆን ሙሉው አልበም የደቡብ አፍሪካ ድምፅ አይደለም፣ ጀርሲ ክለብ የሚባለው የአሜሪካ የዳንስ ስልትም አለበት፣ የድሬክም ድምፅ እንደዛ ለስልሶ ሲለቀቅ አንዳንዱ ዘፈን እውነትም ያንቀላፋል። እኔን የገረመኝ ቀልዱ ከየት እንደመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያ ትውልድ ሃውስን በብዛት የሰማው ሱቅ ውስጥ ነው፣ የቺካጎ ጥቁሮች የፈጠሩት ነገር መሆኑን የማያውቅም ብዙ አለ። ከሶስት ቀን በኋላ ቢዮንሴ በሃውስ የተሰራ ዘፈኗን ስትለቅ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ፣ "ሃውስ የጥቁር ሙዚቃ ነው፣ ታሪካችሁን እወቁ" የሚል ትምህርት በየቦታው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማለት ነው! ሙዚቃው አልተለወጠም እኮ።

ከዛ በፊት በ2017 ድሬክ የብላክ ኮፊን "ሱፐርማን" የሚለውን ስራ "ሞር ላይፍ" ላይ ከጆርጃ ስሚዝ ጋር "ጌት ኢት ቱጌዘር" አድርጎ ሲያወጣው ማንም አልተናደደም። አንድ ዘፈን ሲሆን ቅመም ነው፣ ሙሉ አልበም ሲሆን ነው ችግሩ።

ብላክ ኮፊስ ለምን ያለ ጣጣ ገባላቸው?

ለስላሳ ስለሆነ፣ በጣም ጎበዝ ስለሆነ፣ ብዙ ስለታገሰም። ደርባን ተወልዶ ምጣታ ያደገ ልጅ ነው፣ በ1990 ማንዴላ በተፈቱበት ሰሞን ሰው በደስታ ሲጨፍር መኪና ህዝቡ ላይ ገብቶ ግራ እጁ ተጎድቶ ቀረ፣ እስከዛሬ በአንድ እጁ ነው የሚያጫውተው። በ2003 ኬፕታውን ላይ በተደረገው የሬድ ቡል ሙዚቃ አካዳሚ ተሳተፈ፣ ከዛ አገሩን ካዳረሰ በኋላ ኢቢዛ፣ ሃይ የሚባለው ትልቁ ክለብ ውስጥ ቋሚ ምሽት ያዘ፣ በ2022 በ"ሰብኮንሸስሊ" አልበሙ የዳንስ ሙዚቃውን ግራሚ ወሰደ፣ ጥቅምት 2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ሞላ።

እሱ በከፈተው ግን ሌላ ነገርም ገባ። ኢቢዛና የሜክሲኮዋ ቱሉም ላይ "አፍሮ ሃውስ" ተብሎ የሚጫወተው ግማሹ አፍሪካ የረገጠ ሰው የሌለበት ነው፣ አንድ የማይታወቅ አፍሪካዊ ድምፅ ቆርጠው ከበሮ ላይ ይጥሉና በቃ አፍሮ ነው። ይሄ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በደንብ የሚያነጋግር ጉዳይ ነው፣ እኔም ቅሬታቸው ልክ ነው እላለሁ።

አማፒያኖን "መቼ ነው የሚጀምረው?" የሚሉትስ?

አጭር ዘፈን የለመደ ጆሮ ነው። አማፒያኖ በ2010ሮቹ አጋማሽ ከጋውቴንግ ታውንሺፖች የመጣ ነው፣ ፕሪቶሪያም ሶዌቶም ካትሌሆንግም የኔ ነው ይላሉ፣ እዛ ክርክር ውስጥ አትግቡ። ፍጥነቱ 110 እስከ 115፣ ኪቦርዱ ጃዝ ጃዝ ይላል፣ ሰባትና ስምንት ደቂቃ የሚሄድ ትራክ ብዙ ነው፣ ሎግ ድራም የሚሉት ያ የሚጎረብጥ ባስ አንዳንዴ ሶስተኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚመጣው። የአውሮፓና የአሜሪካ የፌስቲቫል ተመልካች ደግሞ በየደቂቃው አንድ ፍንዳታ ይጠብቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ "ምንም አይሆንም እኮ" ይላል። ሎግ ድራሙ ሲገባ ያው ከደስታ ብዛት ፊቱን ያጨማድዳል፣ ጥሩ ባስ ሲሰማ ሰው የሚያደርገውን ታውቃላችሁ።

ያሸነፋቸው ጭፈራውና ሰዎቹ ናቸው። ሜጀር ሊግ ዲጄዎች በ2020 በኮሮና ጊዜ ከበረንዳ ላይ ያጫወቱት ሚክስ፣ በ2021 መጨረሻ የኤስዋቲኒዋ አንክል ዋፍልስ እየጨፈረች ስታጫውት የሚያሳየው ቪዲዮ፣ ከዛ እሷ በ2023 ኮቼላ ላይ። ዛሬ ለንደን ውስጥ አማፒያኖ ምሽት የሌለበት ቅዳሜ ማግኘት ይከብዳል።

አፍሮቢትስ እና አማፒያኖ አንድ ነው የሚሉትስ?

አይደለም፣ አፍሮቢትስ የናይጄሪያና የጋና ነው። ናይጄሪያውያን ሎግ ድራሙን ወስደው ስለተጠቀሙበት ተደበላለቀባቸው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ታይላ በ2023 የወጣው "ዋተር" የሚለው ዘፈኗ ቢልቦርድ ላይ ሰባተኛ ደረጃ ደርሶ የካቲት 2024 ላይ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ሙዚቃ ግራሚ ስትወስድ አሜሪካኖቹ አፍሮቢትስ ውስጥ ከተቷት፣ መስከረም 2024 ላይም ኤምቲቪ "ምርጥ አፍሮቢትስ" ብሎ ሸለማት፣ እሷም ሽልማቱን ይዛ መድረኩ ላይ ቆማ የአፍሪካ ሙዚቃ አፍሮቢትስ ብቻ አይደለም፣ እኔ ደቡብ አፍሪካዊ ነኝ፣ አማፒያኖን ነው የምወክለው አለች። ሸልመውሽ ታርሚያቸዋለሽ፣ ወደድኩላት።

"ጀሩሳሌማ" ላይ የአውሮፓ ፖሊስ ሁሉ ለምን ጨፈረ?

ማስተር ኬጂ የሊምፖፖ ልጅ ነው፣ ዘፋኟ ኖምሴቦ ዚኮዴ፣ ዘፈኑ በ2019 መጨረሻ ወጣ። በ2020 መጀመሪያ የአንጎላ ጨፋሪዎች የምግብ ሳህን ይዘው እየበሉ የጨፈሩበት ቪዲዮ ተሰራጨ፣ ከዛ ኮሮና መጣ፣ ሰው ቤቱ ተዘጋ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ነርሶች፣ መነኮሳት፣ የእሳት አደጋ ሰራተኞች፣ የስዊስ ፖሊስ ጨፍሮ አይሪሾቹን ቻሌንጅ አደረጋቸው፣ እነሱም የካቲት 2021 ላይ መለሱ።

ቃሉ ዙሉ ነው፣ ብዙዎቹ የሚጨፍሩበት ምን እንደሚል አያውቁም ነበር። ኢየሩሳሌም ቤቴ ናት፣ ጠብቀኝ፣ አብረኸኝ ሂድ፣ እዚህ አትተወኝ ነው የሚለው። ፀሎት ነው በቃ። ለኛ ሰው ይሄ ስሜት ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ግን እነሱም ሳይገባቸው ገብቷቸዋል እላለሁ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ማስክ አድርጋ የጨፈረች ነርስ በሌላ ቃል ያንኑ እየለመነች ነበር።

ገንዘቡስ? ፈረንጅ ሲወደው ልጆቹ ያገኛሉ?

አንዳንዶቹ አዎ፣ ብዙዎቹ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጀሩሳሌማ ልቀጥል፣ ጀርመን ውስጥ በ2021 ዋርነር የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ የጨፈሩትን መስሪያ ቤቶች የፈቃድ ክፍያ ጠየቃቸው፣ የአንዱ ክልል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለፖሊሶቹ ቪዲዮ ከፈለ፣ ህዝቡ ተቆጣ። በዛው ዓመት ዘፋኟ ራሷ ከዘፈኑ ክፍያ አልደረሰኝም ብላ በአደባባይ ወጣች። ሁለቱን ዜና ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት። በኋላ በ2023 በሌላ ዘፈን ግራሚ ወስዳለች፣ ደስ ይላል።

ሌላው የዲጄ ላግ ጉዳይ ነው። በ2019 ቢዮንሴ የላየን ኪንግ አልበሟ ላይ በስሙ አስገባችው፣ ያ ጥሩው ነው። በ2021 ደግሞ "አይስ ድሮፕ" የሚለው ቢቱ አሜሪካ ውስጥ ሜጋን ራይት ባወጣችው ዘፈን ውስጥ ያለ እውቅና ተገኘ፣ ደቡብ አፍሪካኖቹ አንድ ላይ ተነሱ፣ ፕሮዲውሰሩ ዊል አይ አም በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀ። ያ ጩኸት ባይኖር ይቅርታም አይኖርም ነበር።

ጭፈራ ደግሞ ጭራሽ ክፍያ የለውም። በ2018 ሪሃና ግራሚ መድረክ ላይ ግዋራ ግዋራ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ ጭፈራ ስትጨፍር ደርባን ላይ ሰው አበደ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙው ሰው እሷ የፈጠረችው ነው የመሰለው።

እኛስ እዚህ ውስጥ የት ነን?

አንድ ቀጥተኛ ነገር አለ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው የአሜሪካ ሌብል በ2013 ሁለት ካሴት እንደገና አሳተመ። አንዱ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳ የነበረው የኃይሉ መርጊያ የ1985 አኮርዲዮን ስራ፣ ሌላው በስቱዲዮ ፅዳት ሰራተኝነት የጀመረው የጾንጋው ፔኒ ፔኒ የ1994 "ሻካ ቡንዱ"። የፈረንጆቹ ግምገማ ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ነበር፣ "የጠፋ ዕንቁ ተገኘ"። ኃይሉ ለኛ መቼም ጠፍቶ አያውቅም፣ ፔኒ ፔኒም አገሩ ውስጥ ካሴቱ የተቸበቸበለት ኮከብ ነበር። ግን ኃይሉ በዛ ምክንያት ከታክሲው ወርዶ ዓለምን በኪቦርድ ስለዞረ እኔ በቃላቸው ብዙም አልጣላም።

ጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ የሚሰሩ የኛ ልጆች ደግሞ አማፒያኖን ከለንደን ቀድመው ነው የሰሙት፣ ከጎረቤት ሱቅ ድምፅ ማጉያ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ወደዱም ጠሉም።

ከየት ልጀምር?

በጎም ከጀመራችሁ በላፕቶፕ ስፒከር አትስሙት፣ ባሱ አይወጣም፣ መኪና ውስጥ ይሻላል። ዲጄ ሙጃቫ "ታውንሺፕ ፈንክ"ን ስሙ፣ ዋርፕ በ2008 ያወጣው የፕሪቶሪያ ስራ ነው፣ እስካሁን አላረጀም። ለአማፒያኖ ካብዛ ደ ስሞልና ዲጄ ማፎሪሳ በ2019 የጀመሩት ስኮርፒየን ኪንግስ፣ ቀዝቀዝ ላለው ደግሞ ኬልቪን ሞሞ። ሻንጋን ኤሌክትሮን በቪዲዮ እዩት እንጂ ብቻውን አትስሙት፣ ጨፋሪዎቹን ካላያችሁ እናንተም ፍጥነቱ ተሳስቷል ማለታችሁ አይቀርም።